ጋሽ ፍሬን ጫማ ሲያወልቅ

አባዬ መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። መኪናችን ትንሽ፣ ነጭ፣ ጣሪያዋ ላይ ቢጫ ሰሌዳ የተሸከመች ነበረች። ከሰው መኪና የምትለየው ሁለት ፍሬን ስላላት ነው፤ አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው ከአባዬ እግር ሥር። ተማሪዎቹ "ጋሽ ፍሬን" የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ልክ ነበሩ። ቤት ውስጥ እንኳ እማዬ ትኩስ ሾርባ ይዛ ፈጠን ፈጠን ስትል ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። እኔ ከደረጃ ላይ ስዘል ይረግጣል። በሬዲዮ ኳስ ሲሰማ ተቃራኒው ቡድን ወደ ግብ ከገሰገሰ፣ አባዬ ቁጭ ባለበት ፍሬን ይይዛል። ከወንበሩ ፊት ያለው ምንጣፍ በቀኝ በኩል ብቻ ተበልቶ ነበር።

ተማሪን በአፉ አያመሰግንም። "ጎበዝ" የተባለ ሰው ይዘናጋል፣ የተዘናጋ ሹፌር ደግሞ ግንብ ይገጫል ባይ ነው። ይልቅስ አንድ ቀን፣ በትምህርቱ መሀል፣ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ይልና የጫማውን ክር ይፈታል። ሁለቱንም ያወልቅና ወደ ኋላ ወንበር ያቀብላል። እግሩን ደግሞ ሳሎን እንደተቀመጠ ሰው አጣጥፎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። በቃ፣ ተማሪው ችሏል ማለት ነው። "ነፍሴን ሰጥቼሃለሁ፣ እንደ ፍጥርጥርህ" ማለት ነው። የዚያን ቀን ባለ ጺም ወንዶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ጫማውን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። እማዬ መምህርት ስለሆነች ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት መልስ የኋላው ወንበር የእኔ ነበር። እዚያ ሆኜ የሰውን ሁሉ ማጅራት አውቅ ነበር። የሚፈራ ሰው ማጅራቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

እታለም ወደ እኛ ቤት የመጣችው ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ እማዬ "ትንሿ" ትላታለች፣ እኔ ግን በአክብሮት እታለም እላት ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለእኔ ትልቅ ሰው ነበረች። አሁን ሳስበው ግን ገና ልጅ ነበረች።

ሕግ ስትማር አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነስታ ጥያቄ ልትመልስ ስትል ወደቀች። ከዚያ ደግሞ ደረጃ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ። ትምህርቱን አቋርጣ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ የቀዶ ሕክምና ወረፋዋ እስኪደርስ እኛ ዘንድ ልትቆይ። እማዬ ስታስረዳኝ "ልቧ ውስጥ በደንብ የማትዘጋ በር አለች" አለችኝ።

"ታዲያ አናጺ ጥሩላት" አልኳት።

እማዬ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቀልዴ እንዲህ እንባ እስኪያወጣ ማሳቁ ደስ ብሎኝ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ደጋገምኩት።

እንግዳ ደግሞ አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ እታለም ከተኛችበት ክፍል ራቅ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለእማዬ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ "ሰው እስከ በሩ ድረስ ነው የሚሸኛት። ከዚያ ወዲያ እናትም ብትሆን አብራት አትገባም። ብቻዋን ናት፣ አንቺዬ።"

እኔ ይህን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ሆስፒታል ሄጄ አላውቅም። ከበሩ ወዲያ ማንም የማይከተላት ከሆነና መንገዱ ሩቅ ከሆነ በምን ልትሄድ ነው? በእግሯ እንዳይባል ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክማታል። ስለዚህ በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ እታለም ማንኪያዋን አስቀምጣ "ጋሼ፣ መንዳት አስተምረኝ" ስትለው ያልደነቀው እኔን ብቻ ነበር። ሊያስተምራት ይገባል፤ ያለዚያ በምን ትገባለች?

"አብደሻል?" አለች እማዬ።

"ገና ነኝ።"

"ትንሿ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ረሳሽው? አትድከሚ፣ አትናደጂ፣ አትደንግጪ ነው ያለሽ። መሪ ይዞ ያልተናደደና ያልደነገጠ ሰው የት አየሽ?"

እታለም ለመሳቅ ሞክራ ተወችው። "እትዬ፣ ሰው ማን ናት ብሎ ሲጠይቅሽ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ? 'ታማሚዋ እህቴ' ነው የምትዪው። ተማሪ ነበርኩ፣ እሱም ቀረ። አሁን ሥራዬ መቀመጥ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀን ባልነቃ ምን ብላችሁ ነው የምታወሩኝ? 'ነፍሷን ይማርና በደንብ ትቀመጥ ነበር' ልትሉ ነው?"

የአባዬ እግር ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ሲረግጥ ተሰማኝ።

"አንድ ነገር መሆን እፈልጋለሁ" አለች። "ትንሽም ቢሆን። ቢያንስ አንድ ነገር ችዬ ልግባ።"

አባዬና እማዬ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። በበሩ በኩል የእማዬ ድምፅ "ማልልኝ" ሲል ሰማሁ፤ የአባዬ ድምፅ ደግሞ እየተጎተተ "እሺ፣ እምላለሁ" አለ። አባዬ ሲምል ሰምቼ ስለማላውቅ አንድ ትልቅ ነገር ሊገዛላት ነው ብዬ ገመትኩ። ፍሪጅ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤቱን እያየሁ ነበር የምገባው።

ትምህርቱ የተጀመረው ከጡብ ፋብሪካው ኋላ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው። እታለም ወንበሩን አስጠጋች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ መስታወቱ ውስጥ ዓይኔን አግኝታ ጠቀሰችኝ። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ መኪናዋ አንዴ ዘላ ሞተሯ ጠፋ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት መኪናዋን። ደግማ አስነሳችና ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጇ ሞተር ሲጠፋ አላየሁም።

ግን እኔ መንዳት አላውቅም፤ የማውቀው ጫማ ነው። በእኔ ሚዛን እታለም ደካማ ተማሪ ነበረች። በሌሎቹ ተማሪዎች ጊዜ ጭንቅላቴ ጣሪያ ይነካል፣ ጥግ በዞርን ቁጥር ከበር ወደ በር እንሸራተታለሁ፣ ደስታው ሌላ ነው። እሷ ስትነዳ ግን ምንም አይሰማም። ማርሽ ስትቀይር አይታወቅም። ዳገት ላይ ስትነሳ መኪናዋ ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ አትልም። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝና ስነቃ ሌላ ሰፈር ነን። ይኼ ምኑ መንዳት ነው እል ነበር። አባዬም በሐሳቤ የተስማማ ይመስል ነበር፤ ቀኝ እግሩ ከፍሬኑ በላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑም ከመንገዱ ይልቅ የእታለም ከንፈር ላይ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ጫማው ከእግሩ አልወለቀም።

ከእሷ ጋር የጀመረች አንዲት ባለ ዳቦ ቤት ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት፣ ልቧ ሰፊ፣ ፍርሃቷ ከልቧ የሰፋ። መሪውን የምትይዘው ሳይሆን የምታቅፈው ነበር። ቀኝና ግራዋን ለመለየት ዳቦ የምትቆርጥበትን እጅ ማሰብ ነበረባት፤ እሱን እስክታስብ መታጠፊያው ያልፋል። አንድ ቀን ከፋብሪካው ጥግ የተከመረ ጡብ ውስጥ ገባችና ወርዳ "ልጆች አሉኝ! ልጆች አሉኝ!" እያለች ጡቡን ይቅርታ ጠየቀች።

እታለም ያን ቀን ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ነበረች። ወረደችና ሴትዮዋን እንደገና መሪው ጋ አስቀመጠቻት። ራሷ ከኋላዋ ሆና ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

"አትነቂው። አይሸሽም እኮ።"

"ቢሸሽስ?"

"ሊጥ ስታቦኪ እንዲህ ታንቂዋለሽ?"

"ሊጥማ ከታነቀ አይነሳም።"

"እሱም እንደዚያው ነው። አሁን ተንፍሺ። እኔ ስተነፍስ አብረሽኝ ተንፍሺ። እስትንፋስ የማያንሰኝ መስሎሽ ነው? እኔ የተረፈኝን ነው የማካፍልሽ።"

ሴትዮዋ በሳቅ ፈነዳች፤ ማጅራቷም ከገባበት ወጣ። መኪናዋ ተነሳች። አባዬ ዞሮ እታለምን አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈራ ተማሪ ሲመጣ "መጀመሪያ ትንሿ ታናግርህ" ይል ጀመር።

ግቢያችን ውስጥ የፈሪዎች ክፍል የተከፈተው እንዲህ ነው። የወጥ ቤት ወንበር፣ የድስት ክዳን ለመሪ፣ ሦስት ጡቦች ለፍሪሲዮን፣ ለፍሬንና ለነዳጅ። ማርሹ የመጥረጊያ እጀታ ነበር፤ እሱን የምይዘው እኔ ነኝ። የተከበሩ ሰዎች፣ የባንክ ሠራተኛ ሳይቀር፣ የድስት ክዳን ጨብጠው በአፋቸው "እምምም" እያሉ ግቢያችን ውስጥ ይነዱ ነበር። እታለም ጥላ ሥር ቁጭ ብላ "ልጅ ገባብህ! ኳስ ተከትሎ! ምን ታደርጋለህ?" ትላለች። አንዱ ጡቡን ከመርገጥ ብዛት ጫማውን ቀደደ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል አሻግራ "ይህቺ ታማሚዋ ልጅ ናት?" ብላ ስትጠይቅ ባለ ዳቦ ቤቷ እታለምን ቀድማ መለሰች።

"የምን ታማሚ! አስተማሪያችን ናት።"

እታለም አቀርቅራ የድስቱን ክዳን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውል ጀመር። ክዳኑ ንጹሕ ነበር። ያን ቀን ማታ እራቷን ሁሉ በላች፤ ከአባዬ ጋር ሳህን ተሻምታ።

ለባለ ዳቦ ቤቷ ጫማ የወለቀላት በሳምንቱ ነው። ገበያው መሀል፣ ግራና ቀኟን ለይታ ስታልፍ አባዬ ጎንበስ አለ። እሷ እየነዳች፣ እያለቀሰች፣ በአንድ እጇ ወደ ኋላ ዳቦ ታቀብለኝ ነበር። እኔ ግን ዳቦዬን እያላመጥኩ ተናደድኩ። ጡብ የገጨችው ሴትዮ ጫማ ወለቀላት፤ እታለም ምን ብትሆን ነው?

"አባዬ፣ የእታለምስ መቼ ነው?"

"ጊዜው ሲደርስ።"

ከአጠገቤ የተቀመጠችው እታለም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "ተይው ሆዴ" አለችኝ፣ ድምጿ ግን የራሷ አልነበረም። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ፣ "እዚህም ታማሚዋ ነኝ" አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ወረፋው እየቀረበ ነው፣ እሷ ገና አልቻለችም፣ ሳትችል ከገባች ደግሞ መንገድ ላይ ትቀራለች። አባዬም ጫማውን የሚያወልቅ አይመስልም። ስለዚህ ላግዘው ወሰንኩ። ጠዋት ጫማውን ከማድረጉ በፊት በቀኙ ውስጥ አንድ ጠጠር፣ የሾለች፣ መርጬ ከተትኩበት። ጫማ ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው ያወልቃል፤ ይኼ የታወቀ ነው።

አባዬ አላወለቀም። ያን ቀን እታለም ረጅሙን መንገድ ነበር የምትነዳው። ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን አየሁት፤ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። አንዴ ከንፈሩን ነክሶ እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገና መልሶ እዚያው ቦታ፣ ፍሬኑ ላይ አስቀመጠው። እታለም "ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?" ስትለው "መንገድሽን እይ" አላት። ቤት ስንደርስ ካልሲው ደም ነክቶት ነበር። እማዬ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች "አውልቀህ አታራግፈውም ነበር?" አለችው። እሱ ቀና ብሎ አያት። እሷም ወደ ገንዳው አቀረቀረች። ጠጠሯን የከተትኩት እኔ መሆኔን ያወቀች መሰለኝና አልጋ ሥር ገባሁ።

ወረፋው የደረሰ ዕለት ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። እማዬ ሻንጣ ይዛ፣ እኔን ይዛ፣ ከኋላ ገባች። ማን እንደሚነዳ አልተነጋገሩም። እታለም ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስታ ወጣች፤ አባዬ ተከትሏት በራሱ ወንበር፣ በራሱ ፍሬን ላይ ተቀመጠ።

መንገዱ ባዶ ነበር። ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ የዳቦ ቤቱ መብራት ብቻ በርቷል፣ ሴትዮዋም በር ላይ ቆማ በዱቄታም እጇ አውለበለበችልን። እታለም ጥሩምባ ነፋችላት። እንደ ልማዷ መኪናዋ እንደተኛ ሰው ድምፅ ሳታሰማ ትሄዳለች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትልቁ ዳገት ጋ ስንደርስ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሆስፒታሉ መታየት ሲጀምር፣ እማዬ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

"አውልቅላት" አለችው።

አባዬ አልዞረም። "ምን?"

"ጫማህን። ከመሐላው ፈትቼሃለሁ። አውልቅላት።"

"ዛሬ?" አለ አባዬ።

"ዛሬ ነዋ።"

እታለም መሪውን አጥብቃ ያዘች። "እትዬ፣ ተይ። በሐዘኔታ ከሆነ አልፈልግም። ጋሼ፣ እንዳታወልቅ።"

"የምን ሐዘኔታ!" አለ አባዬ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ይህቺ መኪና እንዳንቺ ያለ እጅ ነክቷት አያውቅም። ከጡቡ ሜዳ ጀምሮ ነው ጫማዬ መውለቅ የነበረበት። እህትሽ አስምላኝ ነው። እግሬ ፍሬኑ ላይ የተቀመጠው ለልብሽ ነው እንጂ ለእጅሽ አልነበረም።"

ከዚያ ጎንበስ አለ። ክሩን ፈታ። ግራውን አወለቀ፣ ጠጠር የከተትኩበትን ቀኙንም አወለቀ፣ ወደ ኋላ አቀበለኝ። እግሩን አጣጠፈና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እታለም አንዴ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ፍሬቻ አበራች፣ ማርሽ ቀነሰች፣ ዳገቱን ወጣች። እማዬ እጄን ይዛ ነበር፤ በኋላ ሳየው ጣቶቿ የያዙበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

እኔ ጫማውን ደረቴ ላይ አቅፌ በደስታ ልሞት ደረስኩ። ቻለች! ለጥቂት ነው የተረፍነው፣ በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ቻለች! አሁን ብቻዋን መግባት ትችላለች።

ነገሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የነገረችኝ እማዬ ናት። እታለም በዚያ ሰሞን የትም ቦታ፣ በየትኛውም ደቂቃ ራሷን ልትስት ትችል ነበር። አባዬ የማለው እሷ መሪ እስከያዘች ድረስ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ላያነሳ ነው። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ የባሰባት ቀን ነበር፤ ሌሊቱን ሁለቴ ወድቃ ነበር። እማዬ ያን ሁሉ እያወቀች፣ አንድ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ባሏን "አውልቅላት" አለችው። "አልፈራሽም?" ብዬ ጠየቅኋት። "ፈርቼ ነበር እንጂ" አለችኝ። "ግን ልጅቷ ከዚያ በር ሳትወጣ ብትቀር፣ ያንን ጫማ በምን ዓይኔ አየው ነበር?"

ሆስፒታሉ ግቢ እታለም በሁለት መኪኖች መሀል፣ በአንድ ጊዜ፣ መስመሩ ላይ አቆመች። አባዬ "ጫማዬን" ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ አልሰጠሁትም። መልሶ ካደረገው እንደሚሰረዝባት እርግጠኛ ነበርኩ። ከወንበሩ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት፤ ለክርክር ጊዜ አልነበረምና በካልሲው ወረደ። የቀኙ ካልሲ አውራ ጣት ጋ ቀዳዳ ነበረው።

በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው በር ጋ አንዲት ነርስ የእታለምን ክንድ ይዛ "ከዚህ ወዲያ እኛ ነን" አለችን። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። ሌላ ኮሪደር እንጂ መንገድ አልነበረም፤ መኪና ጭራሽ አይገባም። ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ እማዬን ቀና ብዬ አየኋት። እማዬ ግን እኔን አላየችኝም። ነርሷ እታለምን ልታጫውታት ብላ ይመስለኛል፣ እየሄዱ ጠየቀቻት።

"ሥራሽ ምንድነው የኔ እህት?"

እታለም ዞራ አየችን። አባዬን፣ ካልሲውን፣ የወጣውን አውራ ጣት አየች። ፊቷ በሙሉ ሳቀ።

"መንዳት አስተምራለሁ" አለች። "ፈሪዎችን።"

"ውይ፣ እኔም እኮ እፈራለሁ።"

"ስወጣ እናወራለን" አለችና በሩ ተዘጋ።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀመጥን። አባዬ ኮሪደሩን በካልሲ ሲመላለስ የጽዳት ሠራተኛዋ "አባት፣ ወለሉ ርጥብ ነው፣ በጤናዎ ነው?" አለችው። ቁጭ ሲል ደግሞ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር፤ ደጋግሞ፣ ሳያቋርጥ። ያን ቀን ምን ለማቆም እንደሚረግጥ አሁን አውቃለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የአባዬን እግር ነው። ጥቂት ግራ ከተጋባ በኋላ "ደህና ናት። ልቧ በደንብ እየመታ ነው" አለ። አባዬ ቆሞ ከነበረበት ቀስ ብሎ ርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠና እግሮቹን ከሥሩ አጣጠፈ። የካልሲው ቀዳዳ አሳፍሮት ነው ብዬ፣ ሮጬ ሄጄ ጫማውን አመጣሁለት።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነ። አባዬ ጡረታ ወጥቷል፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቴሌቪዥን ሲያይ አሁንም ፍሬን ይይዛል፣ ምንጣፉ ብቻ ተቀይሯል። የአባዬ የመንጃ ትምህርት ቤት የእታለም ሆኗል። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የመጀመሪያ ተማሪዋ ያቺ ነርስ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እታለም ለልቧ አንዴ ደግማ ገብታ ወጥታለች፤ "መኪናም እኮ ሰርቪስ ይገባል" ብላ ነው የሄደችው። ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ፈሪ ሁሉ ይጎርፍላታል። የድስቱ ክዳን ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በትምህርት ቤቱም አንድ ሕግ አላት፦ አስተማሪ ሁሉ ጫማ የሚያወልቀው ለእጅ እንጂ ለእንባ አይደለም።

እኔ አርባን እስክሻገር መሪ ሳልነካ ቆየሁ። ማጅራት ሳይ ስላደግሁ ይሆናል። ዘንድሮ እማዬን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሲጠፋ ጊዜ ተመዘገብኩ፤ አስተማሪዬ ራሷ እታለም ናት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ አሁንም መስታወቱ ውስጥ ትጠቅሰኛለች። ጀምረን ብዙ ሰነበትን። ከእኔ በኋላ የጀመሩት ሁሉ ጫማ ወለቀላቸው፤ የእሷ ጫማ ግን ከእግሯ ንቅንቅ አላለም። ባለፈው ትልቁን ዳገት ወጥተን፣ ሦስቴ ሞተር ካጠፋሁ በኋላ፣ ከጫፉ ላይ አቁመን ሳለ ሆዴ ባባ። ያኔ አባዬ ለእሷ ያላወለቀበት ምክንያት ትዝ አለኝ።

"እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሐኪም ስለ እኔ የነገረሽ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

"ምን የሚደበቅ ነገር?"

"እንጃ። ልቤ ምናምን። እግርሽ ከፍሬኑ የማይነሳው..."

ገባት። ሳቋን ለመዋጥ አፏን በእጇ ያዘች፤ አልቻለችም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ ጉንጬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

"ልብሽማ የበሬ ነው፣ የኔ ቆንጆ። መንዳት ስለማትችዪ ነው።"

እንዲህ ያለ ክብር ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሞተሩን አስነሳሁ። እታለም ጎንበስ አለችና የጫማዋን ክር በሁለት ቋጠሮ አጥብቃ አሰረች።